የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሞዛይክን እንዴት ማንበብ ይቻላል

በመካከለኛው ዘመን ከተሠራ የቤተ ክርስቲያን ሞዛይክ (ትናንሽ የድንጋይና የብርጭቆ ጠጠሮች በልስን ላይ ተተክለው የሚሠራ ሥዕል) ፊት የሚቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፊቶቹ ነው፤ ይህ ክርስቶስ ነው፣ ያቺ ማርያም ናት፣ ዘውድ የደፋው ደግሞ ንጉሥ መሆን አለበት ብሎ ማንነታቸውን ከለየ በኋላ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ሆኖም ሞዛይኩ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንዳሠራውና ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰበት የሚናገሩት ከፊቶቹ ይልቅ በዙሪያቸው ያሉት ነገሮች ናቸው፤ ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ የጠጠሮቹ መጠንና ዝንባሌ፣ የመደቡ ቀለም፣ በወርቁ መካከል የሚያልፍ የጥገና መስመር፣ በምስሉ ግራና ቀኝ የተጻፈ ስም። ይህ መመሪያ እነዚህን ነገሮች በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንደሚጠቅም ያሳያል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ አቅራቢ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ አቅራቢ መነጽሩ የግድ ነው፤ ምክንያቱም የሞዛይኩ ዋና ዋና ማስረጃዎች የሚገኙት ከወለሉ በብዙ ሜትር ከፍ ብሎ በሚታይ ጉልላት ወይም ቅስት ላይ ነው።

ከመቆሚያ ቦታና ከብርሃን መጀመር

ወደ ሕንጻው እንደገቡ ወደ ምስሉ ከመጠጋትዎ በፊት መስኮቶቹን ይፈልጉ። የግድግዳ ሞዛይክ በመጽሐፍ ላይ እንደሚታተም ሥዕል ከየትኛውም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ አይታይም፤ ሠሪዎቹ ጠጠሮቹን ሲተክሉ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባና ተመልካቹ ከየት እንደሚቆም አስበው ነው። በቁስጥንጥንያ (በዛሬዋ ኢስታንቡል) ሐጊያ ሶፊያ፣ በላይኛው የደቡብ ሰገነት ላይ የሚገኘው የልመና ሥዕል (ክርስቶስ በመካከል፣ ማርያምና መጥምቁ ዮሐንስ በግራና በቀኝ) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚመደበው ከተማይቱ በ1261 ከላቲኖች (ከምዕራባውያን የመስቀል ጦረኞች) እጅ ከተመለሰች በኋላ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በፊቶቹ ላይ ያለው የጥላና የብርሃን አጣጣል በስተግራ ካለው እውነተኛ መስኮት ከሚገባው ብርሃን ጋር ይስማማል። የታችኛው አብዛኛው ክፍል ጠፍቷል፤ የቀረው ግን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ተመላልሶ ለሚያየው ሰው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ያህል ይለዋወጣል።

ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሳንቲም ሲገባበት የሚበራ የኤሌክትሪክ መብራት ተተክሏል። ከተቻለ መብራቱ ገና ሳይበራ ያለውን ጊዜ ይጠቀሙበት። ኃይለኛ መብራት ከፊት ለፊት ሲመጣ ወርቁን በአንድ ጊዜ ያበራውና ገጹን ሁሉ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ሞዛይኩ ግን የታሰበው ለቀን ብርሃን፣ ለዘይት መብራትና ለሻማ ነበር፤ ነበልባሉ ሲንቀሳቀስ አንዱ ጠጠር ሲያበራ ሌላው ይጨልማል። የመስኮቱን መዝጊያም ሳይጠራጠሩ አይለፉ። በራቬና የጋላ ፕላሲዲያ መቃብር በሚባለው ትንሽ ሕንጻ ውስጥ ብርሃኑ ማር መሰል ቀለም ይዞ የሚገባው በአልባስጥሮስ ሰሌዳዎች በኩል ነው፤ አሁን ያሉት ሰሌዳዎች ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የገቡ ናቸው። ሞዛይኩ የ5ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብርሃኑ ደግሞ የትናንት ነው ማለት ይቻላል።

ጠጠሩንና ልስኑን መመርመር

ቀጥሎ አቅራቢ መነጽሩን ያንሡና ምስሉን ትተው ጠጠሮቹን ብቻ ይመልከቱ። ሮማውያን ሞዛይክን በብዛት የተጠቀሙበት ለወለል ነበር፤ ለወለል የሚበጀው ደግሞ እግር የማይጎዳው ድንጋይ ነው። ክርስቲያኖች ጥበቡን በስፋት ወደ ግድግዳና ወደ ጣራ ሲያወጡት ማንም የማይረግጠው ስለሆነ ብርጭቆ ዋናው ማቴሪያል ሆነ፤ በዚህም ድንጋይ ሊሰጠው የማይችለው ብሩህ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ተገኘ። ወለሉ ቢሆንም ወዲያው አልተተወም፤ በአኩሊያ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየው ሰፊ የወለል ሞዛይክ፣ በዮርዳኖስ ማዳባ ደግሞ ቅድስት ሀገርን የሚያሳየው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ ይመሰክራሉ። ወለል ላይ መስቀል ካዩ ግን ቆም ብለው ያስቡ፤ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ሁለተኛ በ427 የመስቀልን ምልክት መሬት ላይ መሥራትን በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ሕጉ በሁሉም ቦታ ባይከበርም።

የወርቁ ጠጠር ድፍን ወርቅ አይደለም። እጅግ የሳሳ የወርቅ ቅጠል በብርጭቆ ላይ ተነጥፎ፣ በላዩ ሌላ ስስ የብርጭቆ ሽፋን ተደርቦበት በእሳት የተያያዘ ነው። ይህ ሽፋን ወርቁን ከጭስና ከእርጥበት ይጠብቀዋል፤ ሽፋኑ ሲላቀቅ ወርቁም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ በወርቅ መደብ መካከል ደብዝዘው ጠቆር ያሉ ነጥቦች ካዩ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። የብር ጠጠርም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በአክሊለ ብርሃን ወይም በወርቁ መሐል ተቀላቅሎ ይገኛል።

አሁን ዝንባሌውን ይመልከቱ። ጥንታዊው ሠሪ እያንዳንዱን ጠጠር በእጁ ይዞ በእርጥብ ልስን ላይ በቀጥታ ስለሚተክል ገጹ ፈጽሞ ጠፍጣፋ አይሆንም፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን ያዘነብላል። በሐጊያ ሶፊያ ከፍ ባሉ አንዳንድ ቦታዎች የወርቅ ጠጠሮቹ ሆን ተብሎ ወደ ታች እንዲያዘነብሉ ተደርገዋል፤ ከመስኮት የተቀበሉትን ብርሃን ከታች ወደቆመው ሰው እንዲመልሱት ነው። መጠኑም ይናገራል። ለልብስና ለመደብ ትላልቅ ጠጠሮች፣ ለፊትና ለእጅ ደግሞ በጣም ትናንሽ ጠጠሮች ይመረጣሉ። በብዙ የባይዛንታይን (መዲናው ቁስጥንጥንያ የነበረው የምሥራቁ የሮም መንግሥት) ሥራዎች የሰውነት ቆዳ የሚሠራው ከብርጭቆ ሳይሆን ከድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ብርሃን ስለማያንጸባርቅ ፊቱ ከሚያብረቀርቀው ልብስ መካከል ለስለስ ብሎ ይወጣል። በራቬና ሳን ቪታሌ በእቴጌ ቴዎድራ ጌጦች ላይ ደግሞ ከዛጎል ውስጥ የሚገኘው አንጸባራቂ ሽፋን ተቆርጦ ገብቷል።

ጠጠር የረገፈበት ቦታ ሲያገኙ አያዝኑበት፤ እንዲያውም ከሙሉው የበለጠ ያስተምራል። ከሥሩ የሚታየው የኖራ ልስን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ንብርብር የተሠራ ነው፤ የታችኛው ሻካራና ወፍራም፣ ጭድ የተቀላቀለበትም ሊሆን ይችላል፤ የላይኛው ግን የደቀቀ እብነ በረድ የገባበትና ጠጠሩ የሚተከልበት ነው። ይህ የላይኛው ንብርብር ሳይደርቅ መሞላት ስለነበረበት በአንድ ጊዜ የሚለሰነው በአንድ ቀን ሊሠራ የሚችለው ያህል ብቻ ነበር። በእርጥቡ ልስን ላይ ሠዓሊው ምስሉን አስቀድሞ በቀለም ይነድፈዋል፤ ስለዚህ ጠጠር በሌለበት ቦታ ቀይ ወይም ቢጫ ቀለም ቢታይ የኋላ ዘመን ጥገና ነው ብለው አይቸኩሉ፤ ከወርቅ በታች እንዲህ ያለ ቀለም መቀባት የተለመደ ነበር።

የመደቡን ቀለም ማየትና አለመታለል

በአጠቃላይ ሲታይ መደቡ በጊዜ ሂደት ከነጭ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ወርቅ ተሸጋግሯል። በሮም ሳንታ ኮስታንዛ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠሩት የጣራ ሞዛይኮች ወይን የሚለቅሙ ሰዎችን፣ ወፎችንና ዕቃዎችን በነጭ መደብ ላይ የሚያሳዩና ገና የወለል ሞዛይክን ልማድ የያዙ ናቸው። በጋላ ፕላሲዲያ መቃብር ጣራው በከዋክብት የተሞላ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወርቁ የበላይነቱን ያዘ፤ በ547 በተቀደሰው ሳን ቪታሌ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስና አጃቢዎቹ ቦታም ሆነ ሰዓት በማይነገርበት የወርቅ መደብ ላይ ቆመዋል።

ይህን ቅደም ተከተል እንደ ሕግ የሚይዝ ሰው ግን በሮም ይስታል። በሳንቲ ኮስማ ኤ ዳሚያኖ ቤተ ክርስቲያን ከመሠዊያው ጀርባ ባለው ግማሽ ክብ፣ ክርስቶስ በቀይና በብርቱካን ደመናዎች ላይ በጥልቅ ሰማያዊ ሰማይ ውስጥ ይታያል፤ የተሠራው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፊሊክስ አራተኛ ዘመን፣ ከ526 እስከ 530 ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሳንታ ፕራሴዴ ቢሄዱ ያንኑ አቀማመጥ፣ ያንኑ ሰማያዊ፣ እነዚያኑ ደመናዎች ያገኛሉ፤ ይህኛው ግን የተሠራው በፓስካል አንደኛ ዘመን፣ ከ817 እስከ 824 ነው። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይራራቃሉ። ፓስካል ያሠራው ሆን ብሎ የጥንቱን እየቀዳ ነው፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን የቀደመ ክብሯን ይዛ መቀጠሏን ለማሳየት። ልዩነቱን የሚገልጡት ዝርዝሮቹ ናቸው፤ በኋለኛው ሥራ የልብሱ እጥፋት በወፍራም መስመር ይሰመራል፣ አካሉ ክብደቱን ያጣል፣ ምስሎቹም ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ስለዚህ ዘመንን በሚገምቱበት ጊዜ ከሥዕሉ አቀማመጥ ይልቅ የአሠራሩን እጅ ይመኑ።

የቦታ ሥርዓትን ማንበብ

ምስሉ በሕንጻው የት እንዳለ ሳይመዘግቡ ምን እንደሆነ አይመዝግቡ። ረጅም አዳራሽ ባላቸው የቀደሙ አብያተ ክርስቲያናት ታሪኩ በሁለቱ ጎኖች ከመግቢያ ወደ መሠዊያ ይሄዳል። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በሲክስተስ ሦስተኛ ዘመን (432 እስከ 440) የተሠሩት የብሉይ ኪዳን ሥዕሎች ከዓምዶቹ በላይ በተርታ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ የክርስቶስ ልጅነት ታሪክ ደግሞ ከመሠዊያው በፊት ባለው ትልቅ ቅስት ላይ ነው።

በባይዛንታይን ግዛት የቅዱሳን ምስል የተከለከለበት ዘመን በ843 ካበቃ በኋላ በዚያ ሌላ ሥርዓት ጸና። ባለ ጉልላቱ ቤተ ክርስቲያን እንደ ዓለም ይቆጠራል፤ ከላይ በጉልላቱ አኃዜ ኵሉ ክርስቶስ፣ ከመሠዊያው ጀርባ ባለው ግማሽ ክብ ማርያም፣ ከጉልላቱ በታች ባሉት ማዕዘኖች ዐበይት በዓላት፣ ከሁሉ በታች ለምእመናኑ ቅርብ ሆነው ቅዱሳን። ከአቴና አጠገብ በሚገኘው በዳፍኒ ገዳም፣ በ1100 አካባቢ በተሠሩት ሞዛይኮች፣ ይህ ሥርዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የብስራቱን ሥዕል ልብ ይበሉ። ገብርኤልና ማርያም የተሠሩት በተጎደጎደ ማዕዘን ግራና ቀኝ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የተሣለ ቦታ ሳይሆን በሕንጻው ውስጥ ያለ እውነተኛ አየር ነው፤ መልአኩ የሚናገረው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ አሻግሮ ነው። ፎቶግራፍ ይህን ፈጽሞ አያሳይም።

ሥርዓቱ ወደ ሌላ ዓይነት ሕንጻ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማየት ሲሲሊ ተመራጭ ናት። ንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ ያሠራው የቼፋሉ ካቴድራል ጉልላት የለውም፤ ስለዚህ አኃዜ ኵሉ ክርስቶስ ከጉልላት ወርዶ በመሠዊያው ጀርባ ያለውን ግማሽ ክብ ይዟል፤ ማርያምና ሐዋርያት ከሥሩ ወርደዋል። ጽሑፉ የመሠዊያው ሞዛይክ በ1148 መጠናቀቁን ይናገራል። በዚያው በሲሲሊ ባለው የሞንሬያሌ ካቴድራልም ያው መፍትሔ እጅግ ገዝፎ ተደግሟል።

በምስሎቹ ላይ የዘመን ምልክት መፈለግ

ጢም ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በራቬና ሳንታፖሊናሬ ኑኦቮ ከላይ ካሉት ሃያ ስድስት ትናንሽ ሥዕሎች መካከል ተአምራቱንና ትምህርቱን በሚያሳዩት ክርስቶስ ጢም የለውም፤ በትይዩው ግድግዳ ሕማማቱን በሚያሳዩት ግን ጢም አለው። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ከጢም ይልቅ የሚታመነው አክሊለ ብርሃኑ ነው። ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን አክሊል ያለው ሰው ሲያዩ፣ ሥራው ሲሠራ በሕይወት የነበረ ሰው ነው። በሳንታ ፕራሴዴ ፓስካል የቤተ ክርስቲያኑን አምሳያ በእጁ ይዞ፣ አራት ማዕዘን አክሊል አድርጎ ቆሟል። የሕንጻ አምሳያ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ አሠሪው ነው፤ በሞንሬያሌ ንጉሥ ዊሊያም ሁለተኛ፣ በቁስጥንጥንያ ኮራ ቤተ ክርስቲያንም ረጅሙን ቆብ እንዳደረገ የተንበረከከው ቴዎድሮስ ሜቶኪቴስ እንደዚሁ ናቸው።

ሌላው መንገድ በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ቅዱሳን መጨረሻ የተጨመረውን መፈለግ ነው። በሞንሬያሌ በመሠዊያው ዙሪያ ከቆሙት ቅዱሳን አንዱ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ነው። የተገደለው በ1170፣ ቅድስናው የታወጀው በ1173 ስለሆነ ሞዛይኩ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። ነገሩ ይበልጥ የሚደንቀው ዊሊያም በ1177 ያገባት ጆአን፣ ቤኬትን ያስገደለ ተብሎ የተወቀሰው የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ልጅ መሆኗ ሲታሰብ ነው።

ጽሑፉን ማየት፤ ቋንቋው ባይታወቅም

ግሪክኛም ሆነ ላቲን የማያነብ ሰው ከጽሑፉ ብዙ ማግኘት ይችላል። በመጀመሪያ ከምስሉ ራስ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ፊደል፣ በላያቸውም አጭር አግዳሚ ሰረዝ ካለ የስም ምህጻር ነው፤ በግሪኩ ሥርዓት የኢየሱስ ክርስቶስ ስም እና «የአምላክ እናት» የሚለው የማርያም መጠሪያ የሚጻፉት እንዲህ ነው። ቀጥሎ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። በቼፋሉ ክርስቶስ የያዘው መጽሐፍ በአንዱ ገጽ በግሪክኛ፣ በሌላው በላቲን «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» ይላል። በፓሌርሞ ማርቶራና ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሮጀር በክርስቶስ እጅ ዘውድ ሲቀበል፣ የለበሰው የቁስጥንጥንያን ንጉሠ ነገሥት ልብስ ሲሆን፣ በላዩ የተጻፈው «ንጉሥ ሮጀር» የሚለው ማዕረግ የላቲን ቃል ሆኖ ፊደሉ ግሪክ ነው። ከማንም በታች አይደለሁም የሚለውን የፖለቲካ መልእክት ከዚህ በላይ ባጭሩ ማስቀመጥ ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፍ በቤተልሔም ልደት ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ነው። በ1169 የተጻፈው ይህ ጽሑፍ በግሪክኛና በላቲን የቀረበ ሲሆን፣ ሥራው በኤፍሬም እጅ መፈጸሙን፣ በንጉሠ ነገሥት ማኑኤል ኮምኔኖስ፣ በኢየሩሳሌም ንጉሥ አማልሪክና በቤተልሔም ጳጳስ ራልፍ ዘመን መሆኑን ይመዘግባል። በዚያው ሕንጻ ባስልዮስ የተባለ ሌላ ሠሪ ስሙን በላቲንና በሱርስት ጽፏል። የመስቀል ጦረኞች መንግሥት፣ የቁስጥንጥንያ ገንዘብና ሥልጣን፣ የአካባቢው ክርስቲያኖች እጅ፣ ሁሉም በአንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወርቅ ያለበትን ሁሉ «ባይዛንታይን» ብሎ መሰየም ቀላል ነው፤ ጥያቄው ግን ሠሪዎቹ ከየት መጡ፣ ያሠለጠኑትስ እነማንን ነው የሚለው ነው። የሞንቴ ካሲኖ አበምኔት ዴሲዴሪዮስ በ1071 ለተቀደሰው ቤተ ክርስቲያኑ ሞዛይክ ሠሪዎችን ከቁስጥንጥንያ አስመጥቶ፣ የገዳሙ ወጣቶች ጥበቡን እንዲማሩ አድርጓል። በኪየቭ ሐጊያ ሶፊያ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ሞዛይክ ጽሑፉ ግሪክኛ ነው፤ ከተማይቱ ግን የራሷን ታሪክ የምትጽፍ የስላቭ ከተማ ነበረች። በቬኒስ ሳን ማርኮ የመግቢያ አዳራሽ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት የኦሪት ዘፍጥረት ሥዕሎች ደግሞ ምንጫቸው ከክፍለ ዘመናት በፊት በግሪክኛ የተጻፈ ባለ ሥዕል ብራና ሲሆን፣ በጉልላቱ ላይ የፍጥረት ቀናት በቁጥራቸው ልክ ክንፍ ባላቸው ሴቶች ተመስለው ይታያሉ።

ጠባሳ መፈለግ

ለጊዜዎ ቅድሚያ የሚሰጡት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን። ሞዛይክ ለማጥፋት አድካሚ፣ ለመለወጥ ደግሞ አመቺ ነው፤ የማይፈለገው ቁራጭ ይነቀላል፣ ልስኑ ይታደሳል፣ አዲሱ ይተከላል። አዲሱ ግን ከአሮጌው ጋር በቀለምም በተከላም ፈጽሞ አይዋሐድም፤ በልብስ ላይ እንደተጣለ እራፊ ዳር ዳሩ ይታወቃል።

በሳንታፖሊናሬ ኑኦቮ የደቡቡ ግድግዳ ጫፍ ላይ «ቤተ መንግሥት» ተብሎ የተጻፈበት ሥዕል አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው አርዮሳዊው የጎቶች ንጉሥ ቴዎድሪክ ነው። እርሱ በ526 ሞተ፤ በ540 ከተማይቱ በዮስጢንያኖስ ሠራዊት እጅ ገባች፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከአርዮሳውያን ተወስዶ በጳጳስ አግኔሉስ ዘመን ምስሎቹ ታረሙ። በዓምዶቹ መካከል ቆመው የነበሩት ሰዎች ተነቅለው በነጭ መጋረጃዎች ተተኩ። መነጽሩን ወደ ዓምዶቹ ያዙሩ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ባለቤት የሌላቸው እጆች ቀርተዋል። ሠራተኛው አካሉን ነቅሎ በዓምዱ ላይ የተዘረጋውን እጅ ሳይነቅል ትቶታል፤ ቸልታ ይሁን ዓምዱን ላለማፍረስ የተደረገ ቁጠባ፣ ውጤቱ አንድ ነው። በዚያው ግድግዳ ከላይ ያሉት የክርስቶስ ሥዕሎች የቴዎድሪክ ዘመን ናቸው፤ ከሥራቸው የሚሄደው የሰማዕታት ሰልፍና በትይዩው ያለው የደናግል ሰልፍ ግን ከለውጡ በኋላ የገቡ ናቸው። ስለዚህ «ይህ ቤተ ክርስቲያን የመቼ ነው» ብሎ ከመጠየቅ «ይህኛው መስመር የመቼ ነው» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የሥዕል ክልከላው ዘመን የተወው ጠባሳ ሌላ ዓይነት ነው። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ፣ በመካከሉ ተቋርጦ፣ እስከ 843 በዘለቀው ክርክር በባይዛንታይን ግዛት የቅዱሳን ምስል እየተነሣ በቦታው መስቀል ይገባ ነበር። በቁስጥንጥንያ ሐጊያ ኢሬኔ ያ መስቀል ሳይነካ እስከ ዛሬ በወርቅ መደብ ላይ ብቻውን አለ። በኒቅያ በእረፍተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መጀመሪያ ማርያም ነበረች፣ ከዚያ መስቀል ተተካ፣ ከዚያም ማርያም ተመለሰች፤ ሦስቱም ጊዜ የተነቀለውና የተተከለው መስመር በወርቁ ላይ በግልጽ ይነበብ ነበር። ሕንጻው በ1922 በጦርነቱ ስለወደመ የቀሩት ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው። በተሰሎንቄ ሐጊያ ሶፊያ ግን ምስክሩ ገና ቆሟል፤ በማርያም ምስል ግራና ቀኝ የቀድሞው መስቀል ክንዶች ምልክት ዛሬም ይለያል። የቁስጥንጥንያዋን ሐጊያ ሶፊያ የማርያም ሞዛይክ ሲያዩም እነዚህን ያስታውሱ፤ ፓትርያርክ ፎጥዮስ በ867 ስብከት ያደረገበት ይህ ሥራ በዙሪያው የነበረው ጽሑፍ፣ አሳቾች ያወረዷቸውን ምስሎች ጻድቃን ነገሥታት መልሰው እንዳቆሟቸው የሚናገር ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ጠባሳ የግል ነው። በሐጊያ ሶፊያ የላይኛው ሰገነት እቴጌ ዞዊና ባሏ ቆስጠንጢኖስ ዘጠነኛ ሞኖማኮስ በክርስቶስ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ እርሱ የገንዘብ ከረጢት፣ እርሷ ጥቅልል ይዘዋል። የሦስቱንም አንገት ይመልከቱ፤ ራሶቹ ሁሉ ተነቅለው እንደገና የተተከሉ ናቸው። ከንጉሡ በላይና በጥቅልሉ ላይ ያለው ስምም በተፋቀ ስም ቦታ ተጨናንቆ የገባ ነው። ቆስጠንጢኖስ የዞዊ ሦስተኛ ባል ሲሆን በ1042 ነገሠ፤ ቀድሞ በዚያ ቦታ የነበረው አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚሉት የመጀመሪያ ባሏ ሮማኖስ ሦስተኛ ነው። አካሉን እንዳለ ትቶ ራሱን ብቻ መለወጥ ወጪ ይቆጥባል፤ የንጉሥ ልብስ ለማንኛውም ንጉሥ ይሆናልና።

የቅርብ ጊዜን ጥገና መለየት

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በስፋት የተለመደው ዘዴ ጠጠሮቹን በወረቀት ላይ በግልባጭ አጣብቆ ከዚያ በአንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ክፍል እንደ መስታወት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ወርቁም አንድ ወጥ ሆኖ ይበራል። ገጹ ድንገት የሚስተካከልበትን፣ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል የሚሆንበትን ቦታ ሲያገኙ ይጠርጥሩ። በራቬና በኦርቶዶክሶች ማጥመቂያ ቤት ጉልላት መካከል ያለው የጥምቀት ሥዕል እንዲህ ተጠግኗል፤ የክርስቶስና የዮሐንስ ራስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ስለዚህ በዚያ ጢም ላይ ተመሥርቶ ስለ 5ኛው ክፍለ ዘመን መከራከር ከንቱ ነው። በሮም ሳንታ ፑደንዚያና ከሐዋርያቱ ሁለቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት ጠፍተዋል። በሳን ማርኮ ፊት ለፊት ካሉት በሮች በላይ ከመካከለኛው ዘመን የቀረው የሰሜኑ ጫፍ በር ሞዛይክ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተተኩ ናቸው። ያ አንዱ ግን የሕንጻውን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገጽታ በራሱ ላይ ያሳያል።

ብርጭቆ ራሱም ሊከዳ ይችላል። በፕራግ ካቴድራል ውጫዊ ግድግዳ ላይ ቻርልስ አራተኛ በ1370ና በ1371 ያሠራው የመጨረሻው ፍርድ ሞዛይክ፣ ጠጠሩ ፖታሽ የበዛበት ብርጭቆ ስለሆነ በዝናብና በአየር ብክለት እየተበላ ለረጅም ጊዜ በግራጫ ሽፋን ተጋርዶ ነበር።

ልምምዱን በየት መጀመር

ለጀማሪ ራቬናን የሚያህል የለም፤ ከ5ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 6ኛው አጋማሽ ያሉት ሥራዎች በእግር በሚደረስበት ርቀት ውስጥ ናቸው፤ በክላሴ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከከተማው ወጣ ይላል። ከዚያ ሮም የመቅዳትንና የመመለስን ልማድ ታስተምራለች፤ ፓሌርሞ፣ ቼፋሉና ሞንሬያሌ ደግሞ የሥልጣንን ቋንቋ። ቁስጥንጥንያን ወደ መጨረሻ ማድረግ የሚሻለው በዚያ ያለው በቁጥር ጥቂት፣ በንብርብር ግን የበዛ ስለሆነ ነው። ሐጊያ ሶፊያም ኮራም ዛሬ በመስጊድነት የሚያገለግሉ በመሆናቸው የጉብኝት ሰዓቱንና የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። በኮራ ውስጥ ጊዜ ከጠበበ በመጀመሪያ ከ1315 እስከ 1321 ባለው ጊዜ የተሠሩትን የመግቢያ አዳራሽ ሞዛይኮች ይመልከቱ፤ ከዚያ ወደ ጎን ጸሎት ቤቱ ይዝለቁ፤ እዚያ ያለው ሥራ በዚያው ዘመን የተሠራ ቢሆንም በእርጥብ ልስን ላይ በቀለም የተሣለ ስለሆነ፣ ብርሃንን በብርጭቆ ከማንጸባረቅና በብሩሽ ከመሣል መካከል ያለውን ልዩነት ጥቂት እርምጃ ብቻ ተራምደው ማነጻጸር ይችላሉ።